የሌሊት ጠጪ

ሦስተኛው ባትሪ ነው። መኪናዋ ግን አዲስ ናት፤
የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈላት።
ሳቢያን ላይ፣ ሳይነጋ፣ ሳይሞቅ፣
ቁልፉን ሳዞረው፦ "ጠቅ"።
ሌላ ቃል የላትም። "ጠቅ" ብቻ፣ ደግሞ "ጠቅ"፤
እንደ አሮጌ ጉልበት፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ ስንጥቅ።

ባጃጆች በጎኔ ያልፋሉ በተርታ፤
"አቦ፣ ፒክአፕ ነው ጋሪ?" ነው የእነሱ ሰላምታ።
ፓፓያው ኤረር ነው፤ ፀሐዩ ግን እዚህ ነው፤
ሦስት ሰዓት ካለፈ የሚሸጠው ጭማቂው ነው።

ባለንብረቷ ረውዳ ትደውላለች ወዲያው፦
"ራዲዮ ከፍተህ ነው ሌሊቱን ያደርከው!
መብራት ትተህ ነው! ቻርጅ ስታደርግ ነው ሞባይልህን!
ከደሞዝህ ነው እንግዲህ የምቆርጠው ሂሳቡን።"

የመጀመሪያው መካኒክ "ባትሪው ፌክ ነው" አለኝ፤
ታይዋን ገበያ ወስዶ ሌላ አስገዛኝ።
ሁለተኛው "ዲናሞ" አለ፤ ፈታና ገጠመ፤
ለመፍታቱ ተቀበለ፣ ለመግጠሙ ደገመ።
ሦስተኛው አየሩን ከሰሰ፦ "የድሬ ፀሐይ
ሰውን እንዲህ ካፈላ፣ አሲድ አያፈላም ወይ?"
ጎረቤቶቼ "ዓይን ነው" አሉኝ፤ መስታወቱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ።
ባትሪው ክሩን አላየውም።

በመጨረሻ ከዚራ ሄድኩ፣ ጋሽ ወሰንየለህ ዘንድ፣ ዛፉ ሥር፤
ሠላሳ ዓመት የምድር ባቡሩን ሽቦ ሲቀጥል የኖረ ሰው ነበር፤
ሲቆጣ በፈረንሳይኛ፣ ሲያዝን በአማርኛ፣ ሲስቅ በሶማሊኛ፣
ሥራ ላይ ግን ዝምተኛ።

"ቀን አታምጣት" አለኝ፤ "ይሄ ሌባ የሌሊት ነው፤
ስትነዳት ይሞላል፣ ስትተኛ ነው የሚያልቀው።
ባትሪ ዝም ብሎ አይሞትም ወርያ፤ ጠጪ አለ የተደበቀ፤
ጋን ብትቀይር ምን ይረባል፣ ጨላጩ ካልታወቀ?"

ከምሽቱ አራት ሰዓት። ደቻቱ ደረቅ፣ አሸዋው ገና ትኩስ፤
ቁልፉን ነቀልን፣ በሮቹን ዘጋን፤ መኪናዋ እንደ ፈረስ
ቆማ ተኛች።
የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ፤
በጫፉና በሽቦው መሃል ትንሽ አምፖል ከተታ።
አምፖሉ በራ።
ማንም ምንም ሳይነካ፣ በራ።

ፊውዝ ነቀለ፦ የራዲዮው። አምፖሉ አልጠፋም።
(ሰምተሻል ረውዳ?)
የውስጥ መብራቱ። አልጠፋም። የጡሩምባው። አልጠፋም።
አንድ በአንድ፣ እንደ ወተት ጥርስ፣ ሳጥኑ ድድ ብቻ እስኪሆን ነቀለ፤
አምፖሉ እንደበራ አለ።
"ይሄ በበር አልገባም" አለ፤
"ፋብሪካው አያውቀውም።"

እጁን እስከ ክርኑ ከዳሽቦርዱ ሥር ሰደደ፤
ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ አዋላጅ፣ በጣቱ ብቻ ሄደ፤
ክብሪት የምታክል ጥቁር ሳጥን፣ የጋለች፣ በፕላስተር የታሰረች፣ ደንጋራ፣
ቀይ ዓይኗን እያርገበገበች ጎትቶ አወጣት ከነጭራዋ፣ ከነጭራ።

ጂፒኤስ።
የት እንደቆምኩ፣ የት እንደዞርኩ፣ ከደንገጎ ወዲያ ስንቴ እንዳረፍኩ
ለረውዳ ስልክ የምታወራ፤ እሷ እየጠጣች እኔ የከፈልኩ።

ስምንት ዓመት ነዳሁላት አሮጌዋን፣ በሯ በገመድ የሚታሰረውን፤
አንድ ቀን "የት ዋልክ?" አላለችኝም።
(እርግጥ ባለፈው ወር ሐረር፣ ሸንኮር፣
እህቴ ጋ ምሳ በልቻለሁ፣ ደግሞም ተኝቻለሁ።
ያንንም ታውቃለች ማለት ነው።)

ጋሽ ወሰንየለህ ፒንሳውን ከፈተ። "ልቁረጠው?"
ሽቦውን አየሁት። ቀጭን ነው። ፀጉር ነው የሚመስለው።
"አትቁረጠው" አልኩት፤ "ከቁልፉ ጋር እሰረው፤
እኔ ስነሳ ይነሳ፣ ስተኛ አስተኛው።"
ሳቀ፤ በሶማሊኛ።

ጠዋት ቁልፉን አንዴ ነው ያዞርኩት። ተነሳች።
ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ረውዳ ናት። ዝም አለች።
ሌሊቱን ሙሉ ከስልኳ ላይ ጠፍተንባት ነበር፤
ልትጠይቅ ፈልጋለች፤ ግን እንዴት ብላ ትጀምር?
"መኪናዋ… ደህና አደረች?" አለችኝ።
"ተኝታ አደረች" አልኳት። "አንቺስ?"